የፊልም ዋዜማ

በ1931 ዓ.ም. በአሜሪካ ከተሞች ሲኒማ ቤት ገብቶ «ፍራንከንስታይን» የተባለውን ፊልም ለማየት የተቀመጠ ሰው፣ ከታሪኩ ገና አንድ ነገር ሳያይ ሁለት ያልጠበቃቸው ነገሮች ይገጥሙት ነበር። በመጀመሪያ ኤድዋርድ ቫን ስሎን የተባለው ተዋናይ ከመጋረጃ ጀርባ ብቅ ይልና፣ እንግዳ እንደሚቀበል ጨዋ ባለቤት በትሕትና ቆሞ፣ የሚቀርበው ታሪክ የሚያስደነግጥ መሆኑን፣ ልቡ የማይችል ሰው ካለም ከወዲሁ እንዲያስብበት ያስጠነቅቃል። ከዚያ በኋላ የተዋንያኑ ስም በየተራ ይወጣል፤ ይህ ሰው እገሌን ሆኖ ይሠራል፣ ያቺ ሴት እገሊትን ሆና ትሠራለች እያለ የሚወርደው ዝርዝር በታሪኩ ውስጥ ካለው ጭራቅ ዘንድ ሲደርስ ግን፣ የሰው ስም ሊጻፍበት በሚገባው ቦታ ላይ አንዲት የጥያቄ ምልክት ብቻ ትታያለች።

ጭራቁን ሆኖ የሠራው ቦሪስ ካርሎፍ ነበረ፤ ስሙም የተገለጠው ፊልሙ አልቆ በመጨረሻው ዝርዝር ላይ ነው። የስም ዝርዝር በባሕርዩ ደረቅ ነገር ነው፤ ደመወዝ ከሚከፈልበት መዝገብ ብዙም አይለይም፤ ማንም ሰው ልቡ እየመታ የሚያነበው ነገር አይደለም። ነገር ግን ከዚያ ደረቅ መዝገብ ላይ አንድ ስም ብቻ ቢነሣ፣ የቀሩት ስሞች ሁሉ በድንገት ሕይወት ይዘራባቸዋል፤ ተመልካቹም ያልተጻፈውን ፍለጋ የተጻፈውን ሁሉ መመርመር ይጀምራል። በዚያች በአንዲት የጥያቄ ምልክት ውስጥ፣ ከእርስዋ በኋላ የመጡት ጠቢባን በልዩ ልዩ መልክ ያራቀቁት ጥበብ ሁሉ በዘር መልክ ተቀምጦ ይገኛል ብዬ አምናለሁ።

ፊልም ሲከፈት አርእስቱ፣ የተዋንያኑ፣ የድርሰቱ ባለቤት፣ የዜማው ደራሲና የዳይሬክተሩ ስም የሚታይበትን ክፍል በዚህ መጣጥፍ ውስጥ የመክፈቻ ጽሑፍ እንለዋለን፤ የተጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ይህ ክፍል ብዙውን ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም፤ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ግን አንድ ሰው ከውጭ ይዞት የመጣውን የቀን ድካም፣ የቤት ሐሳብና የመንገድ ጫጫታ አራግፎ፣ ገና ምን እንደሆነ ላላወቀው ነገር ልቡን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ይህ እንዴት ይሆናል? ልዩ ልዩ ፊልሞችን አነጻጽሬ የደረስሁበት ፍርድ አንድ ነው፤ ይኸውም ስሜቱን አስቀድሞ መስጠትና የስሜቱን ምክንያት ማዘግየት ነው። ተመልካቹ ይፈራል፣ ለምን እንደሚፈራ ግን አልተነገረውም፤ ይጓጓል፣ ምን እንደሚመጣ ግን አላየም፤ ስለዚህም ምክንያቱን እስኪያገኝ ድረስ ከወንበሩ አይነሣም።

በቀደመው ዘመን የመክፈቻ ጽሑፍ ይህን የመሰለ ማዕርግ አልነበረውም። የአሜሪካ ስቱዲዮዎች ስሞቹን የሚያሳዩት በውል ስለሚገደዱ ነበር፤ የማን ስም ከማን ይቀድማል፣ የማን ፊደል ከማን ይበልጣል የሚለው ነገር ተዋንያኑንና ወኪሎቻቸውን እስከ ማጣላት ይደርስ ነበር እንጂ፣ ለተመልካቹ ምን ትርጉም ይሰጣል ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነበረ። ብዙ ሲኒማ ቤቶችም ጽሑፉን በተዘጋው መጋረጃ ላይ እያበሩ፣ መጋረጃውን የሚከፍቱት ታሪኩ ሲጀምር ነበር፤ ሕዝቡ በዚያ ጊዜ ወንበሩን ይፈልጋል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይጫወታል፣ የገዛውን ፈንዲሻ ይከፍታል። በ1955 ዓ.ም. ዳይሬክተሩ ኦቶ ፕሪሚንገር «ባለ ወርቅ ክንዱ ሰው» የተባለውን ፊልሙን ወደ ሲኒማ ቤቶች ሲልክ፣ ጽሑፉ ከመጀመሩ በፊት መጋረጃው እንዲከፈት ለማሽን ሠራተኞቹ የሚያዝዝ ማሳሰቢያ በፊልሙ ቆርቆሮዎች ላይ አስለጥፎ ነበር። ይህ ትንሽ ማሳሰቢያ ቢመስልም ቁም ነገሩ ትልቅ ነው፤ ፊልሙ የሚጀምረው ከመጀመሪያዋ ፊደል ነው ብሎ ማወጅ ነበርና።

ፕሪሚንገር እንዲህ የደፈረው የመክፈቻውን ጽሑፍ የሠራለት ሰው ሶል ባስ ስለ ነበረ ነው። ባስ በ1920 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ ተወልዶ፣ በማስታወቂያ ሥዕል ሙያ አድጎ ወደ ሆሊዉድ የገባ ነዳፊ ነው። የሚወደው ነገር ጥቂት መስመር፣ ጥቂት ቀለም፣ ብዙ ባዶ ስፍራ ነበር። «ባለ ወርቅ ክንዱ ሰው» የሄሮይን ሱስ የያዘውን የአንድ ካርታ አጫዋች ታሪክ የሚተርክ ፊልም ነው፤ በዚያ ዘመን የአሜሪካ ፊልሞች የሚመሩበት የሥነ ምግባር ደንብ ስለ አደንዛዥ ዕፅ መናገርን ይከለክል ስለ ነበር፣ ፊልሙ ያለ ደንቡ ማኅተም ነው የወጣው። ሌላ ነዳፊ ቢሆን ኖሮ ምናልባት የዋናውን ተዋናይ የፍራንክ ሲናትራን መልክ በትልቁ አስቀምጦ ስሞቹን በላዩ ላይ ይደረድር ነበር፤ ሲናትራ በዚያ ጊዜ ስሙ የገነነ ዘፋኝና ተዋናይ ነበርና። ባስ ግን በጥቁር ሜዳ ላይ ነጫጭ ዘንጎችን ብቻ አሳየ። ኤልመር በርንስታይን ከደረሰው የጃዝ ሙዚቃ ጋር አንዱ ዘንግ ይወርዳል፣ ሌላው ከጎን ይገባል፣ ይቆማሉ፣ ይጠፋሉ፣ እንደ ገና ይመጣሉ፤ ሥርዓት ያላቸው ይመስላሉ፣ ነገር ግን ሥርዓታቸው አይያዝም። በመጨረሻ አንዱ ዘንግ ይጣመምና የሰው ክንድ ይሆናል፤ ጣቶቹ የተንጨፈረሩ፣ መጋጠሚያው የተሰበረ የሚመስል፣ ከአካሉ ተለይቶ ብቻውን የቀረ ክንድ።

ስለ ሄሮይን አንድ ቃል አልተነገረም፤ መርፌም አልታየም። ተመልካቹ ግን ከዚያ በኋላ ያን ካርታ አጫዋች ባየ ቁጥር ዐይኑ ሳያዝዘው ወደ ክንዱ ይሄዳል። ዐይኑን ያስተማሩት እነዚያ ዘንጎች ናቸው።

ተመልካቹን ለሚመጣው ነገር አስቀድሞ የማዘጋጀትን ጥበብ በንድፍ ሳይሆን በንግግር ያብራራው ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ነው። ሂችኮክ ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ከፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገውና በኋላ በመጽሐፍ በታተመው ረጅም ጭውውት ውስጥ፣ ድንጋጤና ጭንቀት የተለያዩ መሆናቸውን በአንድ ምሳሌ አስረድቷል። ሁለት ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ተራ ወሬ ሲያወሩ ከጠረጴዛው ሥር የተቀበረ ቦምብ ድንገት ቢፈነዳ፣ ተመልካቹ ለጥቂት ሰከንድ ይደነግጣል፤ ነገር ግን ቦምቡ መኖሩን፣ የሚፈነዳበትንም ሰዓት ተመልካቹ አስቀድሞ ቢያውቅና ሁለቱ ሰዎች ባያውቁ፣ ያው ተራ ወሬ በእያንዳንዱ ቃሉ የሚያስጨንቅ ይሆናል። መልካም የመክፈቻ ጽሑፍ በዚህ ምሳሌ ላይ አንድ ነገር ይጨምርበታል ብዬ አስባለሁ፤ ቦምብ መኖሩን በልባችን ያሳድርና፣ በየትኛው ጠረጴዛ ሥር እንደሆነ ግን ሳይነግረን ይተወናል።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር በ1960 ዓ.ም. የወጣው የሂችኮክ «ሳይኮ» ነው። የመክፈቻውን ጽሑፍ የነደፈው ሶል ባስ፣ ዜማውን የደረሰው በርናርድ ኸርማን ነው። በምስሉ ላይ የሚታየው እጅግ ቀላል ነገር ነው፤ ግራጫ፣ ጥቁርና ነጭ መስመሮች አንድ ጊዜ ከጎን ወደ ጎን፣ አንድ ጊዜ ከላይ ወደ ታች ይሮጣሉ፤ ስሞቹም ሙሉ ሆነው አይመጡም፤ የተቆራረጡ ፊደላት ይመስሉና፣ መስመሮቹ ሲያልፉ ለቅጽበት ተገጣጥመው ይነበባሉ፣ ወዲያውም ይበተናሉ። የፊልሙ አርእስት ራሱ ተሰንጥቆ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ይንሸራተታል። ፊልሙን አስቀድሞ ያየ ሰው በዚህ ውስጥ ለሁለት የተከፈለ ኅሊና ምስል ያያል፤ ያላየው ሰው ግን ምንም አያይም፤ አንድ ነገር ከቦታው እየተሰነጠቀ መሆኑን በአካሉ ይሰማዋል እንጂ።

የኸርማን ዜማ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ይጠልቃል። ፊልሙ በጥቁርና በነጭ የተነሣ በመሆኑ፣ ሙዚቃውም ያንኑ የመሰለ አንድ ጠባይ እንዲኖረው ፈልጎ፣ ከሙሉው ኦርኬስትራ መለከቱንም ዋሽንቱንም ከበሮውንም አስወጥቶ አውታር ያላቸውን መሣሪያዎች ብቻ፣ ማለት ቫዮሊንን፣ ቪዮላን፣ ቼሎንና ባስን አስቀረ። በዚያ ዘመን አውታሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለጉት ለፍቅር ትዕይንት ነበር፤ ኸርማን ግን ደረቅ፣ ሹል፣ ዕረፍት የማይሰጥ ድምፅ አስወጣቸው። በሌሊት በር ሲንኳኳ የሚያንኳኳው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ልብ እንደሚመታ፣ የዚህም ዜማ ፍርሃት ከምክንያቱ ቀድሞ ይገባል።

አሁን ደግሞ ከጽሑፉ በኋላ የሚመጣውን እንመልከት። ሩጫው ሁሉ በድንገት ይቆምና፣ ካሜራው በአሪዞና ግዛት የምትገኘውን የፊኒክስን ከተማ በጠራራ ፀሐይ ያሳየናል፤ ዕለቱ ዓርብ፣ ቀኑ ታኅሣሥ 11፣ ሰዓቱም ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዓት ከአርባ ሦስት ደቂቃ መሆኑ በጽሑፍ ይነገረናል። ከዚያም አንዲት ማሪዮን ክሬን የተባለች የቢሮ ሠራተኛ 40,000 ዶላር ሰርቃ ትሸሻለች። ግድያ የለም፣ ጭራቅ የለም፤ ታሪኩ የአንዲት ገንዘብ የሰረቀች ሴት ታሪክ ይመስላል። ታዋቂው የገላ መታጠቢያ ቤት ግድያ የሚመጣው ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። ሂችኮክ ያን ሁሉ ጊዜ ተመልካቹን እንዴት ያዘው ቢባል፣ መልሱ ከመክፈቻው ላይ ይገኛል። ማሪዮን በመኪና ስትሸሽ፣ ቀኑ ሲጨልም፣ ዝናቡም መስተዋቱን ሲመታ፣ ያ የመክፈቻው ዜማ ተመልሶ ይመጣል። ዜማውን ብናጠፋው በምስሉ ላይ ያለው አንዲት ሴት መኪና ስትነዳ ብቻ ነው፤ ዜማው ሲመለስ ግን በመጀመሪያዋ ደቂቃ የተዘራብን ፍርሃት ካንቀላፋበት ይነቃል፤ ይህች ሴት ፖሊስ ከሚይዛት የከፋ ነገር ይጠብቃታል ብሎ ልባችን ይፈርዳል። በመክፈቻው ላይ የተሰማው ድምፅ እንዲህ አድርጎ ለፊልሙ ግማሽ ያህል መንገድ ስንቅ ሆነ ማለት ነው።

ያው ሦስቱ ሰዎች፣ ሂችኮክ፣ ባስና ኸርማን፣ ሁለት ዓመት ቀደም ብለው በ1958 ዓ.ም. «ቨርቲጎ»ን ሠርተው ነበር። በዚያ የመክፈቻ ጽሑፍ ካሜራው ወደ አንዲት ሴት ፊት ይጠጋል፤ ከንፈርዋን ያያል፣ ዐይኖችዋን ያያል፤ ዐይኖችዋ ወዲያና ወዲህ ይላሉ፣ ምን እንዳዩ ግን አይነገረንም። ከዚያም ካሜራው ወደ አንዱ ዐይን ሲገባ ምስሉ ቀይ ይሆናል፤ አርእስቱም ከብሌኑ ውስጥ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ጆን ዊትኒ በተባለ ባለሙያ እርዳታ የተሠሩ ጠመዝማዛ ቅርጾች በጨለማ ውስጥ እየዞሩ ይቀርባሉ። የኸርማን ዜማም እንዲሁ አንዱ ክፍል ሲወጣ ሌላው እየወረደ፣ ሁለቱ እንደ መስተዋት እየተያዩ ይዞራሉ፤ ማረፊያ ያገኘ መስሎ ሳያርፍ ይቀጥላል። ታሪኩ ከፍታ የሚያዞረውና አንዲትን ሴት በመከታተል ኅሊናው የሚጠፋ የቀድሞ መርማሪ ፖሊስ ታሪክ ነው፤ የሰው ፊት እያዩ ምስጢሩን አለማወቅ የሚያመጣውን መዞር፣ ተመልካቹ ከመርማሪው አስቀድሞ ይቀምሰዋል።

እስካሁን የተናገርሁት ጽሑፉ ጭንቀትን ስለሚወልድበት መንገድ ነው። ጽሑፍ ጭንቀትን የሚገድልበት ጊዜም አለና፣ እርሱን ሳይጠቅሱ ማለፍ ነገሩን ጎዶሎ ያደርገዋል።

በዚያው በ1958 ዓ.ም. ኦርሰን ዌልስ «የክፋት ንክኪ» የተባለውን ፊልም አዘጋጀ። ፊልሙ የሚከፈተው ቦምብ በያዘ እጅ ነው፤ እጁ የቦምቡን ሰዓት ይሞላል፤ ሰውዬው ሮጦ ቦምቡን ከአንድ መኪና የዕቃ ሣጥን ውስጥ ያኖረዋል፤ ከዚያም አንድ ባለጠጋና አንዲት ሴት መጥተው በመኪናው ይሄዳሉ። ካሜራው ምንም ሳይቋረጥ ከሦስት ደቂቃ በላይ መኪናውን በሜክሲኮና በአሜሪካ ድንበር ከተማ ውስጥ ይከተላል፤ መኪናው በሕዝብ መካከል ያልፋል፣ ይቆማል፣ ፍየሎች መንገድ ይዘጉበታል፤ አዲስ ተጋቢዎችን ሆነው የሚሠሩት ቻርልተን ሄስተንና ጃኔት ሊ በእግራቸው ከጎኑ ይሄዳሉ፤ በመኪናው ውስጥ ያለችው ሴት በራስዋ ውስጥ የሰዓት ምት የመሰለ ነገር ይሰማኛል ብላ ታማርራለች፤ የሚሰማት ግን የለም። ሂችኮክ በቃል የተናገረውን የቦምብ ምሳሌ ዌልስ ከሞላ ጎደል በምስል አሳየው ማለት ይቻላል።

ስቱዲዮው ግን ፊልሙን ከዌልስ እጅ ወስዶ፣ በዚያ ትዕይንት ላይ የተዋንያኑንና የሠራተኞቹን ስም ሁሉ ደረደረበት፤ የሄንሪ ማንቺኒንም ዜማ ከዳር እስከ ዳር አሰማበት። ዜማው በራሱ ግሩም ዜማ ነው፤ ፊደላቱም አስቀያሚ አይደሉም። ነገር ግን የተመልካቹ ዐይን አንድ ብቻ ሥራ ሊኖረው በሚገባበት ሰዓት፣ ማለት ያን መኪና ከሕዝቡ መካከል መፈለግ ሲገባው፣ ስም እንዲያነብ ታዘዘ፤ ጆሮውም የቦምቡን ሰዓት ሊጠባበቅ ሲገባው በከበሮና በመለከት ተሞላ። ዌልስ የፊልሙን ቅንብር ካየ በኋላ እንዲስተካከል የሚጠይቅ 58 ገጽ ማስታወሻ ጻፈ፤ በመክፈቻው ላይ ሊሰማ የሚገባው ከየመጠጥ ቤቱና ከየመኪናው ሬዲዮ እየወጣ የሚደባለቅ ልዩ ልዩ ዘፈን መሆኑንም አመለከተ። በዘመኑ ግን ይህ ጥያቄው አልተፈጸመለትም። ዌልስ በ1985 ዓ.ም. ዐረፈ፤ በ1998 ዓ.ም. ዋልተር መርች የተባለው የቅንብር ሊቅ ማስታወሻውን ተከትሎ ፊልሙን እንደ ገና ሲያቀናብር ስሞቹን ከዚያ ትዕይንት ላይ አነሣቸው። ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን ያየ ሰው፣ ያው ምስል፣ ያው ተዋንያን፣ ያው ቦምብ ሆኖ ሳለ በኋለኛው ላይ ትንፋሹ እንደሚያጥር ያስተውላል።

ታዲያ ትዕይንትና ስም አብረው ሊሄዱ አይችሉም ማለት ነውን? ጣሊያናዊው ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1968 ዓ.ም. እንደሚችሉ አሳይቷል። «ከዕለታት አንድ ቀን በምዕራብ» በተባለው ፊልሙ መክፈቻ ላይ ሦስት ሽጉጠኞች በአንድ በረሃ ውስጥ ባለ የባቡር ጣቢያ ባቡር ይጠብቃሉ። ሌላ ነገር የለም። ለፊልሙ ዜማ ደራሲ ለኤንዮ ሞሪኮኔ ታላቅነት የማይገዛ የሲኒማ ወዳጅ የለም፤ በዚህ ስፍራ ግን ሊዮኔ ዜማን ፈጽሞ አላሰማም። የነፋስ መዘውሩ ዘይት አጥቶ ያንቋርራል፤ ከላይ የሚወርደው የውኃ ጠብታ በዉዲ ስትሮድ ቆብ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ አንዲት ዝንብ የጃክ ኤላምን ፊት አላስቀምጥ ስትለው ቆይታ በሽጉጡ አፈሙዝ ውስጥ ትያዛለች፤ ሦስተኛው ሰው ጣቶቹን ያንቋቋል። ይህ ሁሉ ከአሥር ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ ስሞቹም በዚያ ሰፊ ጊዜ ውስጥ አንድ በአንድ፣ በብዙ ርቀት ይወጣሉ።

ከዌልስ ፊልም የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በዚያኛው ተመልካቹ የሚከታተለው ተንቀሳቃሽ ነገር ነበረ፤ ስሞቹም ሰረቁበት። በዚህኛው የሚከታተለው ነገር የለም፤ የሚጠብቀው ብቻ አለ፤ ስለዚህም እያንዳንዱ ስም የጥበቃው አካል ይሆናል፤ አንድ ስም በወጣ ቁጥር ባቡሩ አለመምጣቱ ይታወሳል። ማንን እንደሚጠብቁ፣ ስለ ምን እንደሚጠብቁ አንድ ሰው እንኳ አይናገርም፤ የተደገነ ጠመንጃና የውኃ ጠብታ ብቻ ይታያል። እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ከተመልካች ለመጠየቅ ታላቅ ድፍረት ያስፈልጋል፤ እኔም ስለ ዝግታ ከተሠሩት የሲኒማ ሥራዎች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

ስታንሊ ኩብሪክ በ1980 ዓ.ም. «ዘ ሻይኒንግ»ን ሲከፍት ያሳየው ደግሞ ውብ ተፈጥሮ ነው። በሞንታና ግዛት ባለው የግሌሲየር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ሐይቅ፣ ደንና በረዶ የለበሱ ተራሮች ባሉበት አገር፣ አንዲት ትንሽ ቢጫ ፎልክስቫገን በጠመዝማዛ መንገድ ስትሄድ ከሄሊኮፕተር ትታያለች። ምስሉ ለቱሪስት መጽሔት የሚበቃ ነው። ዜማው ግን ዌንዲ ካርሎስና ሬቸል ኤልካይንድ ከሮም ቤተ ክርስቲያን የሙታን ጸሎት ወስደው ያዘጋጁት፣ ስለ ቁጣ ቀን የሚያዜመው ጥንታዊ ዝማሬ ነው፤ በእኛ ዘንድ የፍትሐት ዜማ በሠርግ ሜዳ ላይ ቢሰማ እንደ ማለት ነው። ምዕራባውያን ተመልካቾች ብዙዎቹ የዝማሬውን ስም አያውቁም፤ ጆሮአቸው ግን ከሞት ጋር የለመደው ነገር መሆኑን ያውቃል። ስሞቹም በውኃ ሰማያዊ ቀለም ተጽፈው ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ይህ አወጣጥ የመጨረሻ ዝርዝር አወጣጥ ነው፤ ፊልሙ ከፍጻሜው የጀመረ፣ በመኪናዋ ውስጥ ያለው ሰውም ነገር ከወዲሁ ያበቃ ይመስላል።

ምስል ብቻውን ፍርሃትን እንደማይሸከም የሚያስረዳ አንድ እርግጠኛ ነገር ከዚሁ ፊልም ጋር ተያይዞ ይገኛል። ሪድሊ ስኮት በ1982 ዓ.ም. የ«ብሌድ ራነር»ን መጨረሻ ተስፋ ያለው እንዲያደርግ በተጠየቀ ጊዜ፣ የተራራና የደን ምስል ቸገረውና ለ«ዘ ሻይኒንግ» መክፈቻ ተነሥቶ ሳይሠራበት የቀረውን ፊልም ከኩብሪክ ለመነ፤ ኩብሪክም ሰጠው። በሲኒማ ቤቶች በታየው ቅጂ መጨረሻ ላይ ሁለት ፍቅረኞች ከጨለማው ከተማ አምልጠው ሲሄዱ የሚታየው ያ ተራራና ያ ደን ነው። በአንዱ ፊልም መግቢያ ላይ የመቃብር ጥላ የነበረው አገር፣ በሌላው ፊልም መውጫ ላይ ነጻነት ሆነ፤ የለወጡት ዜማውና የተቀመጠበት ስፍራ ናቸው።

ስኮት ራሱም ይህን ጥበብ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነበር። በ1979 ዓ.ም. በወጣው «ኤሊየን» ላይ ካሜራው በጨለማ ጠፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ፣ በላይኛው ጠርዝ ላይ ትርጉም የሌላቸው ጭረቶች አንድ በአንድ ይታያሉ፤ ቆይተው ቆይተው ፊደል ይሆናሉ፣ ፊደሎቹም አርእስቱን ይሰጣሉ። አንድ የማይታወቅ ነገር በዝግታ አካል ሲያበጅ ማየት ነው፤ የፊልሙም ታሪክ ከዚህ ሌላ አይደለም።

ለ«ፍራንከንስታይን» የጥያቄ ምልክት የሥልሳ አራት ዓመት ታናሽ ያገኘሁላት በ1995 ዓ.ም. በወጣው በዴቪድ ፊንቸር «ሰባት» ላይ ነው። ፊልሙ በሰባቱ ዐበይት ኃጢአቶች ስም ሰው ስለሚገድል አንድ ሰው የሚተርክ ሲሆን፣ የመክፈቻውን ጽሑፍ የሠራው ካይል ኩፐር ነው። የሚታዩት እጆች ብቻ ናቸው። እጆቹ በጥቃቅን ፊደል የተሞላ ማስታወሻ ደብተር ይሰፋሉ፣ በመጽሐፍ ላይ ያለ ቃል በጥቁር ቀለም ይሰርዛሉ፣ ፎቶግራፍ ይቆርጣሉ፣ የጣታቸውን ጫፍ ቆዳ በምላጭ ይልጣሉ። ስሞቹ በፊልሙ ቆዳ ላይ በእጅ የተጫሩ ናቸው፤ ይዘላሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ። ይህ ሁሉ ለምን እንደሚደረግ በዚያ ሰዓት አይታወቅም። ፊልሙ ርቆ ከሄደ በኋላ መርማሪዎቹ አንዲት የጣት አሻራ ስንኳ ማጣታቸውን ሲያዩ፣ ተመልካቹ የዚያን ምላጭ ምክንያት ያገኛል፤ ደብተሮቹም ሲገኙ የሰፋቸውን እጅ ያስታውሳል።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ግን አንድ ስም ጎድሏል። ነፍሰ ገዳዩን ሆኖ የሠራው ኬቪን ስፔሲ በመክፈቻው ላይ ስሙ ሆን ተብሎ ቀርቷል፤ በዝርዝሩ ላይ ያየው ተመልካች ይህ ሰው መቼ ይመጣል እያለ አስቀድሞ እንዳይጠረጥር ነው። ስሙ የወጣው እንደ ካርሎፍ በመጨረሻው ዝርዝር ላይ ነው። ልዩነታቸው ግን ሊስተዋል ይገባል፤ በ1931ዱ ፊልም መሰወሩ ራሱ በጥያቄ ምልክት ታውጆ ነበር፤ በዚህኛው መሰወሩም ተሰውሯል። የመጀመሪያው ተመልካቹን ያስጓጓዋል፤ ሁለተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ይይዘዋል።

ይህን ጥበብ ከፍ አድርጌ ስናገር፣ የመክፈቻ ጽሑፍ ለፊልሙ ዕዳ መግባት መሆኑን አልረሳም። በ1962 ዓ.ም. ሶል ባስ «ዎክ ኦን ዘ ዋይልድ ሳይድ» ለተባለው ፊልም አንዲት ጥቁር ድመት በጨለማ ሰፈር ስትሄድና ከሌላ ድመት ጋር ስትናከስ የሚያሳይ እጅግ ግሩም መክፈቻ ሠራ፤ ፊልሙ ግን ድመቷ የገባችውን ቃል አልፈጸመም፤ ዛሬም ከታሪኩ ይልቅ የምትታወሰው እርስዋ ናት። ፍርሃትን ዘርቶ ምክንያቱን ሳይሰጡ መቅረት ተመልካቹን ማታለል ነው፤ ብዙ የዛሬ ፊልሞችም ይህን ዕዳ ሸሽተው ይመስለኛል ስሞቻቸውን ሁሉ ወደ መጨረሻው የወሰዱት። በቤት ውስጥ በሚታዩት ተከታታይ ድራማዎች ላይ ደግሞ መክፈቻውን በአንድ ነካታ የሚያሳልፍ ቁልፍ ገብቷል። ጊዜ ቆጣቢ ነው ይባልለታል፤ እኔ ግን ከፊልሙ ላይ ቆርጦ እንደ መጣል እቆጥረዋለሁ።

ስለዚህ አንባቢዬን አንድ ነገር እለምናለሁ። «ሳይኮ»ን አግኝተው ለማየት በሚቀመጡበት ማታ የመክፈቻውን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ይመልከቱት፤ መጀመሪያ ድምፁን ዘግተው መስመሮቹን ብቻ፣ ቀጥሎ ዐይንዎን ጨፍነው ዜማውን ብቻ፣ በመጨረሻም ሁለቱን አንድ ላይ። ከዚያ ሳይነሡ ፊልሙን ይቀጥሉ፤ ማሪዮን ክሬን በዝናቡ ውስጥ መኪናዋን ስትነዳ ምን እንደሚሰማዎ ያስተውሉ።